ዋሽንግተን ስንደርስ ጥቁር ሆንን?

አሜሪካ የገባ የሰፈራችን ልጅ ወር ሳይሞላው ደውሎ «እዚህ እኮ ጥቁር ሆንኩ!» ይለናል። አዲስ አበባ ሳለ ጠይም ነበር። እህቱ ቀይ፣ ወንድሙ የቀይ ዳማ፤ «ጥቁር» የሚባል ሰው ከቤታቸው አልተወለደም። የአሜሪካ ቅጽ ግን ዳማም ጠይምም አያውቅም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2020 ሕዝብ ሲቆጥሩ «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን ሥር በምሳሌነት ከዘረዘሯቸው አንዱ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ነበር።

ይኼኔ ነው ያቺ የታወቀች መልስ የምትመጣው፦ «እኛ ጥቁር አይደለንም፤ ሐበሻ ነን።»

ጠባችን ከዚህች መልስ ጋር ነው። ወዳጆቻችንን ያስቀየማቸው መመደቡ ቢሆን ኖሮ አብረናቸው በጮህን። ያስቀየማቸው የተሰጣቸው ወንበር ነው። እዚህ ሳሉ ከፊት ተቀምጠው ነበርና ወንበር መኖሩንም ልብ አላሉት። አገራችን ባርነትን በአዋጅ የሻረችው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ «ባሪያ» የሚለው ስድብ ግን እስከ ዛሬ ከየሰፈሩ አልጠፋም። የሚሰደበው ሰው ጥቁር መሆኑን ለማወቅ ቪዛ አላስፈለገውም።

እስቲ ደግሞ ቤተ እስራኤሎችን እንይ። ጎንደር ሳሉ በመልክ ከጎረቤቶቻቸው የሚለያቸው አልነበረም። የተለዩት በሃይማኖትና በእጅ ሙያ ነው፤ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተባሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እስራኤል ገቡ። እዚህ «ይሁዲ» ተብለው የተገፉ ሰዎች እዚያ ሲያርፉ «ጥቁር» ሆኑ። ይባስ ብሎ ይሁዲነታቸውን የሚጠራጠሩ ረቢዎች ጠበቋቸው! እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደኖረ ሲሰሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው ኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ጎረቤታቸው ነው።

እናም ለገና እረፍት የምትመጡ ወዳጆቻችን፣ የቨርጂንያ ፖሊስ እንዴት እንዳያችሁ ስትነግሩን እናምናችኋለን፤ እንናደድላችኋለንም። ግን እዚያው ሳሎን ውስጥ እናታችሁ ስለ ወንድማችሁ እጮኛ «ለመሆኑ ዘሯ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ቡናችሁን ፉት እያላችሁ ዝም አትበሉ። «ውጭ ወጥተን ዓይናችን ተከፈተ» ያላችሁን እኮ እናንተው ናችሁ።