«ፎርማት አድርገው» የሚባል ምርመራ የለም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ዓይነ ስውር ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ ይማራል፤ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። «ቲቸር፣ ኮምፒውተሬ ዲዳ ሆነብኝ» አለኝ። እናንተ ኮምፒውተራችሁ ድምፅ እምቢ ሲላችሁ የሚቀርባችሁ ዘፈን ነው፣ ቢበዛ ፊልም ነው። ለሱ ግን ድምፁ ማለት ስክሪኑ ነው። ኦርካ የሚባለው ስክሪን ሪደር ካላነበበለት ፊቱ ያለው የሚሞቅ ፕላስቲክ ብቻ ነው። የሁለት ዓመት ኖት፣ የፍርድ ማጠቃለያ፣ ያልጨረሰው ተርም ፔፐር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ፈተናው ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ከኔ በፊት ሁለት ቦታ ወስዶት ነበር። የመጀመሪያው ጥገና ቤት አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው «ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል፤ ማዘርቦርድ ይቀየራል» አለ። የተጠራው ዋጋ ላፕቶፑን ከገዛበት ብር ብዙም አያንስም። ሁለተኛው ገና ስክሪኑን ሲያየው «ኧረ ይሄ ሊኑክስ ነው እንዴ? ችግሩ እሱ ነዋ! ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ልጫንበት» አለ። «ፋይሎቼስ?» ሲል የተሰጠው መልስ «ባክአፕ አልያዝክም?» ነው።

ነገሩ ምን ሆኖ እንደተገኘ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ላውጣ።

አሥራ አንድ ዓመት አይሲቲ ሳስተምር፣ ተማሪ «ቲቸር ድምፅ የለውም» ሲለኝ «ፎርማት አድርገው» ብዬ አውቃለሁ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም። ላብራቶሪያችን ውስጥ በእርዳታ የመጡ፣ ኡቡንቱ የተጫነባቸው አሮጌ ዴስክቶፖች ነበሩን። ግማሾቹ ድምፅ የላቸውም ተብሎ «የተበላሸ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ስቶር ገቡ። ወረቀቱ ላይ ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ። ከዓመታት በኋላ ስቶሩ ሲጸዳ እስቲ ብዬ ከፈት ከፈት አደረግኳቸው። የአንዳንዶቹ ስፒከር ከነገመዱ እንደተሰካ ነው የገባው፤ የተሰካው ግን አረንጓዴው ላይ ሳይሆን ሮዟ ቀዳዳ ላይ ነው፣ የማይክራፎኗ ላይ። የአንዳንዶቹ የፊት ለፊት የሄድፎን መሰኪያ ገመዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ጭራሽ አልተያያዘም፤ ከኋላ ስትሰኩት ይጮሃል። የቀሩት ሚውት ነበሩ። ሚውት! ስንት ልጅ ኮምፒውተር ሳይነካ ያለፈበት ላብራቶሪ እኮ ነው የምላችሁ። እስካሁን ያ ፊርማዬ ሲታወሰኝ ደስ አይለኝም።

ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ከላይ ሆኜ አይደለም።

ድምፅ በሊኑክስ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ካላወቅን መጨቃጨቁ ዋጋ የለውምና በአጭሩ ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ።) ከታች ኮዴክ የምትባል ትንሽ ቺፕ አለች። ከሷ በላይ ከርነሉ ውስጥ ያለው የድራይቨር ክፍል አለ፤ አልሳ ይባላል። በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከርነል 2.6 ጀምሮ የድሮውን ኦኤስኤስ ተክቶ እየሠራ ነው። ከአልሳ በላይ ደግሞ ከየፕሮግራሙ የሚመጣውን ድምፅ ሰብስቦ ወደ አንዱ መውጫ የሚያከፋፍል አለ። ኡቡንቱ ላይ ከ8.04 ጀምሮ ይህን የሚሠራው ፐልስኦዲዮ ነበር፤ ከ22.10 ወዲህ ፓይፕዋየር ተክቶታል። ከሁሉም በላይ ፕሮግራሙ አለ። የኔ ተማሪ ጋ ሲሆን እርከኑ ይጨምራል፤ ኦርካ ጽሑፉን ለስፒች ዲስፓቸር ይሰጣል፣ እሱ ለኢስፒክ ያቀብላል፣ ኢስፒክ ወደ ድምፅ ቀይሮ ወደ ታች ይልከዋል። በነገራችን ላይ ኢስፒክ አማርኛም ያነባል። አነባበቡ የሮቦት ነው፣ ጆሮ ይለምደዋል።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ አንዱ ጋ ሲዘጋ ከላይ የሚታየው ምልክት አንድ ነው፤ ዝምታ። ቤታችሁ ቧንቧው ደረቅ ሲል ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ አጥር ላይ ሆናችሁ «እናንተ ጋ አለ?» ትላላችሁ። ጎረቤት ጋ ካለ ቆጣሪው ጋ ያለችውን መክፈቻ ታያላችሁ። ከዚያ ነው ቧንቧ ሠራተኛ የሚጠራው። ውሃ ጠፋ ብሎ ቤቱን አፍርሶ እንደገና የሠራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፎርማት ማለት ይሄ ነው። ማዘርቦርድ ይቀየር ማለት ደግሞ ግድቡ ይፍረስ ነው።

የኮምፒውተር ጎረቤቱ ፍላሽ ነው። ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ይነሳል። ከፍላሹ ስታስነሱት ድምፅ ከወጣ ቺፗ በሕይወት አለች፤ «ተቃጥሏል» ያላችሁ ሰው ብራችሁን ሊበላ ነበር፣ አለቀ። ካልወጣ ግን ሞታለች ማለት አይደለም፤ ያው ሚውት፣ ያው የተሳሳተ መውጫ እዚያም ሊያጋጥም ይችላል። ሁለተኛው ጎረቤት ሄድፎን ነው። በሄድፎን እየተሰማ በስፒከሩ እምቢ ካለ ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተዉትና ቀዳዳዋን እዩ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ውስጧ ያለችው ማብሪያ አቧራ ይዟት ወይም ተጣብቃ፣ ማሽኑ ሄድፎን የተሰካ ይመስለዋል፤ ከዚያ ስፒከሩን ራሱ ይዘጋዋል። ሄድፎን አሥር ጊዜ ሰክቶ መንቀል ብቻ ያዳናቸው ማሽኖች አሉኝ። ካልሆነም አልሳሚክሰር ውስጥ «ኦቶ ሚውት ሞድ» የሚለውን ማጥፋት ነው።

ቀጥሎ «ኤፕሌይ» ብላችሁ፣ ክፍተት ሰጥታችሁ፣ ሰረዝና ትንሿን ኤል ጻፉ። ካርዶቹን ይዘረዝርላችኋል። ካርዳችሁ እዚያ ካለ ከርነሉ አውቆታል ማለት ነው፤ «ሊኑክስ ድራይቨር የለውም» የሚለው ወሬ እዚህ ጋ ያበቃል። እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚያስት ነገር አለ። 2013 አካባቢ በወጡት አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ካርድ ታያላችሁ። ዜሮ ቁጥሩ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ስፒከሩና ሄድፎኑ አንድ ቁጥር ላይ ናቸው። ዜሮውን የያዘ ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ ድምፁን ወደሌለ ቴሌቪዥን ሲልክ ይውላል። አልሳሚክሰርን ከፍታችሁ ኤፍ 6 ስትጫኑ ካርድ ያስመርጣችኋል። ከአምዱ ሥር ሁለት ኤም ካያችሁ ተዘግቷል። ኤም ስትጫኑ ሁለት ዜሮ ይሆናል፤ ተከፈተ ማለት ነው። ሁለት ዜሮ ሲያዩ «ድምፁ ዜሮ ሆነ» ብለው መልሰው የሚዘጉ አሉ። ኧረ ተዉ እባካችሁ!

የድሮ ቲንክፓድ ያላችሁ፣ እነ ቲ60፣ እነ ኤክስ60፣ ለናንተ ሌላ ጣጣ አለ። የነዚህ የሚውት ቁልፍ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሳትጠይቅ በራሷ ነው የምትዘጋው። አልሳሚክሰር ላይ ሁሉም መቶ በመቶ እያለ ማሽኑ ዝም ይላል። መክፈቻው የድምፅ መጨመሪያዋን ቁልፍ መጫን ነው። ይቺን ባለማወቅ ሁለት ጊዜ ፎርማት የተደረገ ማሽን እኔ ራሴ ጋ መጥቷል።

አሁን ደግሞ ወደ ሊኑክስ ወዳጆቼ። እናንተም አታመልጡም።

አንድ ምስኪን ጀማሪ ግሩፕ ላይ ገብቶ «ድምፅ የለኝም» ይላል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሰባት ትእዛዝ ይወርድለታል፤ ሁሉም በሱዶ የሚጀምር። ለየትኛው ማሽን? ለየትኛው ቨርዥን? የጠየቀ የለም። «ፐልስኦዲዮን ከሥሩ ንቀለው» የምትል ምክር አለች። 2008 ላይ ፐልስኦዲዮ ገና አዲስ ሆኖ ሰው ሲያስለቅስ የተጻፈች ናት፤ ያኔ ምክንያት ነበራት። ዛሬ እሷን የተከተለ ልጅ ዴስክቶፑን አብሮ ሊነቅለው ይችላል። «ራስህን ኦዲዮ ግሩፕ ውስጥ አስገባ» የምትለዋም እንዲሁ ናት። ዛሬ ሎግኢን ያደረገ ሰው ፈቃዱን በራሱ ያገኛል። ሞዴል እየጠራችሁ ለኢንቴሉ ድራይቨር የምታስጽፉት መስመርማ ለአንድ የተወሰነ ኮዴክ የታዘዘ መድኃኒት ነው። የጎረቤትን የደም ግፊት ኪኒን ለሆድ ቁርጠት ትሰጣላችሁ? ከጥገና ቤቱ ሰውዬ በምን ትለያላችሁ? እሱ ቢያንስ ማሽኑን ፊት ለፊቱ አስቀምጧል።

እኔ እዚህ ትእዛዞቹን በራሳችን ፊደል የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ኮፒ ፔስት እንዳይሆኑ።

ወደ ልጁ ልመለስ። እሑድ ጠዋት ከወንድሙ ጋር መጣ። ማሽኑ ዴል ላቲቱድ ኢ6420 ነው፣ የ2011 ሞዴል፣ 4 ጊጋ ራም። ሳልነካው «ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁን የሰማኸው መቼ ነው?» አልኩት።

«ሐሙስ፣ ክፍል ውስጥ። ፕረዘንቴሽን ነበረን። ጓደኛዬ ፕሮጀክተሩ ላይ ሰካልኝና ድምፁ በሱ እንዲወጣ ብሎ የሆነ ነገር ነካካ።»

በቃ። ነገሩ ይሄው ነው። በዚህ ማሽን ላይ ስፒከሩም ኤችዲኤምአዩም ያሉት አንድ ካርድ ላይ ነው፤ ፕሮፋይሉ አንዱን ሲይዝ ሌላውን ይለቃል። ጓደኛው ኤችዲኤምአይን መርጦ፣ ፕሮጀክተሩ ሲነቀል የመለሰው የለም። ሲስተሙም የተመረጠለትን አስታውሶ ቁጭ አለ። ፓቩኮንትሮልን ከፍቼ «ኮንፊገሬሽን» የሚለው ገጽ ላይ ወደ አናሎግ ስቴሪዮ መለስኩት። ኦርካን አስነሳሁ፤ ተናገረ። አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ልጁ ምንም አላለኝም። እጁን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ እያስነበበ ሄደ፣ ሁሉም መኖራቸውን ሲያረጋግጥ ነው። ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

ስመለስ «ጥገና ቤት ይሄን ጠይቀውህ ነበር?» አልኩት።

«ኧረ ቲቸር፣ እኔን መች አናገሩኝ። የሚያወሩት ከወንድሜ ጋር ነው።»

ከሁሉም ያበሳጨኝ ይሄ ነው። ችግሩን በትክክል የሚያውቀው ሰው ፊታቸው ቆሟል፤ የፕሮጀክተሩን ነገር በአንድ ጥያቄ ይነግራቸው ነበር። የሄዱት ግን ማሽኑን ነክቶት ወደማያውቀው ወንድሙ ነው።

ይሁን እንጂ ጥገና ቤቶችን ብቻ ሰድቤ ብሄድ ሐቀኛ አልሆንም። በዚሁ ሙያ የሚተዳደር ሌላ የድሮ ተማሪ አለኝ፤ ይሄን ሳጫውተው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ቲቸር፣ ፎርማት ሳደርግ ሰው ሳይከራከር ይከፍላል። ግማሽ ሰዓት መርምሬ አንዲት ቁልፍ ተጭኜ ስመልስለት ግን 'ለዚች ነው ብር የምትጠይቀኝ?' ይለኛል።» ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ሐኪም ቤት ካርድ አውጥተን፣ የላብራቶሪ ከፍለን፣ «ምንም የለብህም» ስንባል ተመስገን ብለን እንወጣለን። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን የምንከፍለው የሆነ ነገር ሲቀየር ወይም ሲጠፋ ብቻ ነው። ባለሙያው የሚከፈልበትን ሥራ ሠራ፤ የከፈልነው እኛ ነን። ከእሑድ ወዲህ ማሽን ይዞ ለሚልክብኝ ሰው ሁሉ የምለው ይሄንኑ ነው፤ ለምርመራው ክፈል፣ ያገኘውንም ጠይቀው።

እርግጥ የሚቃጠልም አለ። ለዚያም ቢሆን ማዘርቦርድ አይቀየርም። ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ የምትባል የአውራ ጣት ያህል ነገር አለች፤ አብዛኞቹ ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር ሊኑክስ ላይ እንደተሰኩ ይሠራሉ። ለልጁም አንዷን ቦርሳው ውስጥ አድርጌለታለሁ፣ ለክፉ ቀን።

«ታዲያ ዊንዶውስ ጭነህለት ለምን አትገላገልም?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዊንዶውስን አልጠላም። ኤንቪዲኤ የሚባል ነፃ ስክሪን ሪደር አለው፣ ጎበዝ ነው። ግን ያ ላፕቶፕ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ደግሞስ ዊንዶውስም እኮ ፕሮጀክተር ሲሰካበት ድምፁን ወደ ኤችዲኤምአይ ይልካል! ያኔ «ዊንዶውስ ይነቀል» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ሁሉም ታች ጥግ ላይ ያለችውን ስፒከር ተጭኖ ያስተካክላል። ሊኑክስ ሲሆን ነው ፍርዱ የሚከብደው።

ኮሜንት ላይ «ድምፅ እምቢ አለኝ» ብቻ ብላችሁ አትጻፉልኝ። የማሽኑን ሞዴል፣ የዲስትሮውን ስምና ቨርዥን፣ በሄድፎን ይሰማ አይሰማ፣ ኤፕሌይ የዘረዘረውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሰማችሁና ከዚያ በኋላ ምን እንደተነካ ጻፉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። «ፎርማት አድርገው» የሚል ኮሜንት ካየሁ ግን አጠፋዋለሁ፣ ማንም ይጻፈው።