መኪናው ገባ፤ ባለሙያውስ?

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና ከእንግዲህ ወዲህ ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ገለጸ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ፤ መብራታችን ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከገዛ ወንዞቻችን ይመነጫል። የዓባይ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በገዛ ውኃችን መንዳት ከተቻለ ነዳጅ የምንለምንበት ምክንያት የለም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር ጠብ የለንም።

ጠባችን በሌላ ነው። መኪናን ማስገባት በአንድ ውሳኔ ይሆናል፤ መኪናን የሚጠግን ሰው ግን በውሳኔ አይወለድም። ይህ ሰው የት ይሠለጥናል? በምን መሣሪያ? በየትኛው ቋንቋ? እጁ ቢቃጠል ማን ያሳክመዋል? መኪናው በመርከብ ሲመጣ ሥልጠናው በእግሩ ይከተላል፤ በመካከሉ የሚቀረው ርቀት የሚለካው በወጣት ልጆች ጣትና ሕይወት ነው።

«ይህ የመካኒኮች ጉዳይ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በየክፍሉ ስለ አገር ዕድገት ሲነገር የምንውለው፣ ዕድገት የሚባለው ነገር በማን እጅ እንደሚሠራ ካልጠየቅን፣ ትምህርታችን ከአንገት በላይ ነው። ደግሞም የኮሌጁ ሠልጣኝ ሌላ ዘር አይደለም። ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ የተማረ፣ ከእኛ ጋር በአንድ አዳራሽ የተፈተነ ወንድማችንና እህታችን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ አምጥቶ ለአፄ ምኒልክ አሳያቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነን ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሙያውን ማን አስተማረ? የጋራዡን ቋንቋ አድምጡ፤ እርሱ ራሱ ይመሰክራል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። በጣሊያን ጋራዥ ዕቃ እያቀበለ ያየ ልጅ ቃሉን ከነሥራው ለሌላው አስተላለፈ፤ ያም ለሌላው። መጽሐፍ አልነበረውም፤ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከኵርኵም ወደ ኵርኵም ነው የወረደው። የአዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. ተከፍተው ብዙ ባለሙያ አፍርተዋል። ይሁንና የአገሪቱን መኪና በአብዛኛው ያቆመው፣ ያልተማረ ተብሎ የሚናቀው በየመንደሩ ያለው ጋራዠኛ ነው። ለዚህ ሰው ባለዕዳ የሆነው ባለመኪናው ሁሉ ነው።

ታዲያ ለምን ተናቀ? ምክንያቱ የድሮ ነው። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሠራውን «ቡዳ»፣ ሸማ የሸመነውን «ቁጢት በጣሽ» ስንል የኖርን አገር ነን። አፄ ምኒልክ ባለ እጁ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ የደረሰ በሽታ ነበር። ስድቡ በአዋጅ ቀረ ቢባልም መልኩን ለውጦ ወደ ትምህርት ሥርዓታችን ገባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ፈተና አቆመ፤ ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄደ። ያ ፈተና ዛሬ ቀርቷል፤ ያሳደረው ስም ግን አልቀረም። «የት ገባ?» ሲባል «አይ፣ አልመጣለትም፤ ቴክኒክ ገባ» ይባላል። ሐዘን ለመድረስ እንደሚነገር ነገር።

እስቲ ይህን ስም ከቍጥር ጋር እናስተያየው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ ሆኑ። ከመቶ ልጆች ዘጠና ስድስቱ ከወደቁ ወዳቂው ልጁ ነው ወይስ ያስተማረው ሥርዓት? ይህን የሚያህል ትውልድ «የተረፈ» ብሎ ወደ ሙያ የሚልክ አገር፣ ለሙያው የሚሰጠውም ትራፊውን ነው፤ የተረፈ ክፍል፣ የተረፈ መሣሪያ፣ የተረፈ በጀት።

እኛ በዐይናችን ያየነውን እንናገር። የኮሌጁን ስም አናነሣም፤ ጉዳዩ የአንድ ኮሌጅ አይደለምና። በወርክሾፑ መካከል በብረት መቆሚያ ላይ የተቀመጠ አንድ ሞተር አለ። ካርቡራተር ያለው ነው፤ ከተነሣ ዓመታት አልፈውታል። ሃያ አምስት ሠልጣኝ ይከበዋል። ሁለቱ ይነካሉ፤ የቀሩት በትከሻ ላይ ያያሉ። አሠልጣኙ ትጉህ ሰው ነው፤ የሌለውን መሣሪያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይሥላል። ከግቢው አጥር ውጭ ደግሞ አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው።

«መካኒክ መካኒክ ነው፤ ይለምደዋል» የሚሉ አሉ። ይህ ከድንቍርናም በላይ አደገኛ ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። የብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪ ግን 400 ቮልት ገደማ ነው፤ ከዚያ እጥፍ የሚሆነውም አለ። በነዳጅ መኪና የተሳሳተ ሠልጣኝ ቢበዛ ሞተር ያበላሻል፤ እዚህ የተሳሳተ ለሁለተኛ ጊዜ አይሳሳትም። ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ሽቦ ከመንካቱ በፊት ማወቅ ያለበት ብዙ ነው። ቀለበቱንና ሰዓቱን ያወልቃል። መኪናውን አጥፍቶ ቍልፉን ከመኪናው አርቆ ያስቀምጣል። የትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ሽቦ ይፈታል። እስከ 1000 ቮልት የሚከላከል የጎማ ጓንት ያደርጋል፤ ጓንቱ እንዳልተቀደደም አስቀድሞ አየር ሞልቶ ይፈትሸዋል። ጓንቱን እንዳደረገ የትልቁን ባትሪ ማቋረጫ ይነቅላል። ከዚያም ሠሪው ፋብሪካ ያዘዘውን ያህል ደቂቃ ይጠብቃል፤ ባትሪው ከተቋረጠ በኋላም በውስጡ የተጠራቀመ ኀይል አለና። እስከ 1000 ቮልት የሚከላከል የጎማ ጓንት ያደርጋል፤ ጓንቱ እንዳልተቀደደም አስቀድሞ አየር ሞልቶ ይፈትሸዋል። በመጨረሻም ኀይል አለመኖሩን በመለኪያ አረጋግጦ እንጂ በግምት እጁን አይሰድም። ይህ በጠመኔ ሥዕል የሚለመድ ነገር ነውን? ጓንቱን አይቶ የማያውቅ ልጅ ጓንቱን እንዴት ይፈትሻል?

ደግሞ አሮጌው ሙያ ይጣል ማለታችን አይደለም። በአገሪቱ መንገድ ላይ ከሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ አለ፤ አብዛኛው ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣ ነው፤ ለብዙ ዓመትም ይኖራል። አዲሱ መኪናም ዘይት መለወጥ ባያሻውም ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪና ሞላ አለው። ስለዚህ ሠልጣኙ ሁለቱንም ማወቅ አለበት። ሸክሙ እጥፍ ሆነ፤ መሣሪያውስ እጥፍ ሆነ?

አሁን ወደ «ትብብር ሥልጠና» እንምጣ። ሰባው እጅ በሥራ ቦታ፣ ሠላሳው እጅ በኮሌጅ ይባላል። ሐሳቡ የተቀዳው ከጀርመኖች ነው፤ ሐሳቡም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከጀርመን የቀዳነው ቍጥሩን ነው፤ ውሉን እዚያው ትተነዋል። ጀርመን አገር የመኪና ሙያ ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ሠልጣኙ ከአሠሪው ጋር ውል ይፈርማል፤ በየወሩም ይከፈለዋል። ይህ የአሠሪው ቸርነት ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ ሕግ ነው፤ ከ2020 ጀምሮም ዝቅተኛው ክፍያ በሕግ ተወስኗል። በ2003 የመካኒኩንና የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ሙያ አንድ አደረጉት፤ በ2013 ደግሞ የከፍተኛ ቮልት ሥራን ራሱን የቻለ የሥልጠና ዘርፍ አድርገው ጨመሩበት። እነርሱ ከመኪናው ፊት ቀደሙ፤ እኛ ከኋላው እንሮጣለን።

በእኛ ዘንድ ለልምምድ የተላከው ልጅ ምን ያደርጋል? በብዙ ቦታ መኪና ያጥባል፣ ሻይ ያመጣል፣ ቍልፍ ያቀብላል። ቱታውን ራሱ ይገዛል፤ የታክሲውንም ራሱ ይከፍላል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር እንዲገባ ሲታዘዝ እምቢ ቢል «ሰነፍ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ገብቶ ቢጎዳ ደግሞ «ሠራተኛችን አይደለም» ይባላል። እህቶቻችን ከዚህ ሁሉ በላይ «ሴት ልጅ ምን ልትሠራ ጋራዥ ገባች» የሚለውን መሳለቂያ ይሸከማሉ። ያለ ክፍያና ያለ ዋስትና ሰውን ማሠራት በድሮ ዘመን ስም ነበረው፤ ዛሬ ስሙ ትብብር ሆኗል። በማንና በማን መካከል የተደረገ ትብብር ነው? ሠልጣኙን ማንም አልጠየቀውም።

ሌላው ትልቁ ነገር ቋንቋ ነው። የሥልጠናው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ በፈተና «ወደቀ» የተባለው ልጅ የወደቀው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ቋንቋ ነው። ከዚያ ወጥቶ ጋራዥ ሲገባ መምህሩ በጣሊያንኛ ቃል ያዝዘዋል። አዲሱ መኪና ደግሞ ማስጠንቀቂያውን በቻይንኛ ጽፎ ይመጣል። ልጁ አፉን የፈታበት ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛም ይሁን ሶማልኛ፣ ሙያው ውስጥ ቦታ የለውም። «አትንካ፤ ይገድላል» የሚለውን ቃል እንኳ በቋንቋው የማያነብ ሠራተኛ ማሠልጠን ምን ይባላል? ይህ ሥራ የዩኒቨርሲቲውን ደጅ የሚያንኳኳ ነው። የምሕንድስናና የቋንቋ ክፍሎች ተባብረው አንድ ንጹሕ የሥራ መመሪያ በአገር ቋንቋ ቢያዘጋጁ፣ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣው ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ ሰው ያድናል።

የሚመጣውን መልስ እናውቀዋለን። «ገንዘብ የለም» ይባላል። መኪናውን ለማስገባት የተገኘ ምንዛሪ፣ ጓንትና መለኪያ ለማስገባት እንዴት ይጠፋል? «አስመጪው ራሱ ይጠግነዋል» ይባላል። አስመጪው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ መኪናው ግን ደሴም ጅማም ይበላሻል። ጥገናውም በአንድ እጅ ሲያዝ ዋጋውን የሚቈርጠው ያው እጅ ነው፤ የመንደሩ ጋራዠኛም ከነቤተሰቡ ከገበያ ይወጣል። ዛሬ ነዳጅ ሻጩን ከመለመን ዳንን ብለን ነገ የመመርመሪያውን ኮምፒውተር ባለቤት የምንለምን ከሆነ፣ የተለወጠው የጌታው ስም ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ከየክልሉ ቢሮዎችና ከአስመጪዎች የምንጠይቀው ይህ ነው፦

1ኛ. የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጣ ድርጅት ሁሉ፣ ለሚያስገባው ለእያንዳንዱ ዐይነት የጥገና መጽሐፉንና የመመርመሪያ መሣሪያውን ለኮሌጆች እንዲያቀርብ፤ በግጭት የተጎዳ መኪናም ለማስተማሪያ እንዲሰጥ።

2ኛ. የመከላከያ ጓንት፣ የተከለለ መፍቻና መለኪያ የሌለው ወርክሾፕ በከፍተኛ ቮልት ሥራ ሠልጣኝ እንዳያሰማራ።

3ኛ. ሠልጣኝ ከመሠልጠኑ በፊት አሠልጣኙ ይሠልጥን፤ ደመወዙም ሙያውን ጥሎ እንዳይሄድ የሚያደርግ ይሁን።

4ኛ. ለትብብር ሥልጠና የተላከ ሁሉ የጽሑፍ ውል፣ የኪስ ገንዘብና የአደጋ ዋስትና ይኑረው።

5ኛ. የደኅንነት መመሪያው በአገር ቋንቋዎች ይጻፍ።

6ኛ. በየመንደሩ ያለው ነባር ጋራዠኛ የማታ ትምህርት ይከፈትለት፤ የእጁ ዕውቀት ተመዝኖ ማስረጃ ይሰጠው፤ «ያልተማረ» ተብሎ አይጣል።

ከዚህ ውስጥ አንዱም ቅንጦት አይደለም። ለአንባቢዎቻችንም የምንለው አለን። በሚቀጥለው የማኅበራችን ጉባኤ ይህ ነገር በአጀንዳ ይያዝ። የኮሌጅ ሠልጣኞች ተወካዮች ይጠሩ፤ ስለ እነርሱ ከምንናገር እነርሱ ይናገሩ። የምሕንድስና ተማሪዎች የዕረፍት ጊዜያችሁን ለመመሪያው ትርጕም ስጡ፤ የሕግ ተማሪዎች የሠልጣኙን ውል አርቅቁ። ጥያቄው በአንድ ወረቀት፣ በሁለቱም ወገን ፊርማ ይቅረብ። ባለ ብዕሩና ባለ መፍቻው ተለያይተው ሲጠይቁ ሁለቱም ደጅ ጠኚ ናቸው። አብረው ሲጠይቁ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።