የተሰወረ ስም ቁልፍ አይሆንም

አንዳንድ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች የዋይፋያቸውን ስም ከዝርዝር ይሰውራሉ። ምክንያታቸው ጥበቃ ነው። እኛ ግን ይህን አሳብ አንቀበለውም።

በላስታ ብልባላ ቂርቆስና ብልባላ ጊዮርጊስ ከዓለት ተፈልፍለው ታንጸዋል። ያሉበትን የማያውቅ የአገሩ እረኛ የለም፤ የሚያስጠብቃቸው በካህናቱ እጅ ያለው ቁልፍ ነው። የዋይፋይም ነገር እንዲሁ ነው። ስሙ ቢሰወር ሞገዱ አይሰወርም። አንድ ኮምፒዩተር ሊገናኝ ሲል ስሙን በግልጥ ይጠራል፤ ያን ጊዜ የሚያዳምጥ ሁሉ ይሰማዋል። ይባስ ብሎ ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲገናኝ ከታዘዘ፣ በሄደበት አገር ሁሉ ያንኑ ስም እየጠራ ሊፈልግ ይችላል። እውነተኛው ቁልፍ ረዥም የይለፍ ቃልና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደብልዩ ፒ ኤ 3 የተባለው የጥበቃ ሥርዓት ነው።

ታዲያ መሰወሩ የሚጎዳው ማንን ነው? ሌባውን ሳይሆን ከብልባላ ገና የመጣውን ተማሪ ነው። ወዳጅ ያለው ስሙን በሹክሹክታ ያገኛል፤ እንግዳው ግን ዝርዝሩን እያየ ይውላል። ለእርሱ ዘዴውን እንንገረው፦ ከዋይፋይ ዝርዝሩ «ስውር ኔትወርክ» የሚለውን ይምረጥ፤ ስሙን ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ሳያምታታ ይጻፍ፤ ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን፣ ከተጠየቀም የጥበቃውን ዓይነት ይስጥ።

ይህን ስንል ግን ዘዴ መማር መብትን አይተካም። የተማሪዎች ማኅበራት ስሙ በየቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንዲለጠፍ ሊጠይቁ ይገባል። በሩ ለሁሉ ይታይ፤ ቁልፉ ይጠንክር።