ሥራው ሲከብድሽ ወደ ማን ትሄጃለሽ?

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በአውቶቡስ ስጓዝ ከአጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት አጫወተችኝ። ባል ለሞተባቸው እናቶች በግ ገዝቶ የሚያከፋፍል አንድ ፕሮጀክት ኃላፊ ሆና ከተሾመች ገና አራት ወሯ ነው። ጉልበቷ ላይ የያዘችው ማኅደር በደረሰኝና በሪፖርት ተወጥሯል።

«እትዬ፣ የተሾምኩ ዕለት እልል ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ማታ ማታ አለቅሳለሁ» አለችኝ። የበጎቹ ግዢ ዘግይቷል፤ ሪፖርት የምታቀርብበት ቀን አልፏል፤ እናቶቹም በየሳምንቱ ደጇ እየመጡ «በጎቹ የት ደረሱ?» ይሏታል።

«ታዲያ አለቃሽን ለምን አታማክሪም?» ብላት፣ «ሴት ስለሆነች አቃታት እንዳልባል ፈርቼ ነው» ስትል መለሰችልኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ፍርሃት የእርሷ ብቻ አይደለም። አዲስ ኃላፊ የሆነ ወንድ ሲሳሳት ልምድ እንዳነሰው ይቆጠርለታል፤ የሴቷ ስሕተት ግን ብዙ ጊዜ በሴትነቷ ይመካኛል። ስለዚህ ችግሯን ትሸሽጋለች። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

እርዳታ የሚጠየቀው እንደ ችግሩ ዓይነት ነው። የበጀትና የጊዜ ጉዳይ ከሆነ ወደ አለቃ መሄድ ይገባል። ሲኬድም የተሠራውን፣ የዘገየውንና የእርሱን ውሳኔ የሚጠብቀውን በአንድ ወረቀት ጽፎ መያዝ ነው። እንዲህ የምትቀርብ ሠራተኛ ሥራዋን እንደምታውቅ ታስመሰክራለች። ደረሰኝና ሂሳብ ካስቸገረ የመሥሪያ ቤቱን ሂሳብ ሠራተኛ፣ የአሠራሩ ልማድ ከጠፋ ደግሞ ቀደም ሲል ያንን ወንበር የያዘውን ሰው መጠየቅ ነው።

የበጉ ነገር ከሆነ ግን ባለሙያዎቹ እዚያው ሰሜን ሸዋ አሉ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅቶች ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመንዝ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። በዚያ ሥራ ተመራማሪዎቹ መረጃ ይመዘግባሉ፤ ለርቢ የሚቀረውን አውራ በግ በመምረጥ በኩል ግን አርቢዎቹ ራሳቸው ይሳተፋሉ። የበጉን ቁመና፣ የጠጉሩን ቀለምና ላቱን አይተው የሚመርጡት እነርሱ ናቸው። በትምህርት የበለጠው ሰው አርቢውን ከጠየቀ፣ አዲስ ኃላፊ እናቶቹን ብትጠይቅ ምን ያሳፍራታል? የትኛው ገበያ በየትኛው ቀን ደህና በግ እንደሚወጣበት ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ አይገኝም።

በመጨረሻም ቤተሰብ አለ። ቀኑን ሙሉ በቢሮ ደክማ የገባች ሴት ማታ ደግሞ ምጣዱና ልብስ አጠባው ብቻዋን የሚጠብቃት ከሆነ፣ የሥራ ምክር ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ባልም፣ እናትም፣ ወንድምም የቤቱን ሥራ ሊካፈሏት ይገባል።

ይህን ሁሉ ስንጫወት አንኮበር ደረስን። ወጣቷ ማኅደሯን እያነሣች፣ «የሸሸግሁት የራሴን ችግር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእናቶቹንም በግ ነው የሸሸግሁት» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት አለቃዋ ዘንድ እንደምትገባም ነግራኝ ወረደች።

አዲስ ሹመት የያዛችሁ እህቶች፣ እናንተ ዝም ባላችሁ ቁጥር የሚዘገየው የሌላ ሰው እንጀራ ነውና ሳይመሽ ጠይቁ።