መርዙን ሳይተው መድኃኒት የሚጠጣው ሰው

አንድ ወዳጅ አለኝ። አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ፣ እርሳሱን እያቀለጠ አሥር ዓመት ያሳለፈ ሰው ነው። ካገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ የለም። እንደ አገራችን ልማድ መጀመሪያ የተመረመረችውም፣ የታማችውም ሚስቱ ናት። በመጨረሻ እሱ ሲመረመር የዘር ህዋሱ ቁጥር አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ምን ሥራ እንደሚሠራ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ሰሞኑን አንድ የቴሌግራም ማስታወቂያ ልኮልኝ «ይኼ ነገር ያዋጣል?» አለኝ። በብረት መርዝ የተጎዳን ወንድነት በቅጠል እንደሚመልስ፣ በጥናትም እንደተረጋገጠ ይናገራል። ይህን የሚጠይቀው እሱ ብቻ ስላልሆነ መልሴን እዚህ እጽፋለሁ።

ማስታወቂያው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። እርሳስና ካድሚየም የወንድን ዘር ይጎዳሉ፤ ቁጥሩን ይቀንሳሉ፣ እንቅስቃሴውን ያዳክማሉ። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሽፈራው በአይጦች ላይ ተሞክረው ይህን ጉዳት እንደቀነሱ የሚያሳዩ ጥናቶችም ጥቂት አይደሉም።

ችግሩ ያለው ከአይጡ እስከ ባትሪ ቤቱ ባለው ርቀት ላይ ነው። በአብዛኞቹ ሙከራዎች አይጡ መርዙንም ቅጠሉንም የሚወስደው ለጥቂት ሳምንታት፣ ተመጥኖለት ነው። ወዳጄ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ያለ ልክ ሲተነፍሰው ኖሯል። ደም ውስጥ ያለ እርሳስ በወር ገደማ በግማሽ ቢቀንስም፣ አጥንት ውስጥ የገባው ለአሥርና ለሃያ ዓመት ይቀመጣል፤ ቀስ እያለም ወደ ደም ይመለሳል። ጠዋት ጥቁር አዝሙድ ጠጥቶ እስከ ማታ የእርሳስ ጭስ የሚተነፍስ ሰው በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደሚቀዳ ነው።

ሌላም አለ። ዱቄቱ ራሱ ንጹህ መሆኑን ማን አየ? በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከሱቅ የተገዙ 70 የደቡብ እስያ ባህላዊ መድኃኒቶች ተመርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ውጤት 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። ማንም ያልመረመረውን ዱቄት ለእርሳስ መርዝ ብሎ መጠጣት በእርሳስ ላይ እርሳስ መጨመር ሊሆን ይችላል።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ይህ ገበያ ጥፋቱን ከሥራ ቦታው አንስቶ በሰውየው ገላ ላይ ይጥለዋል። «ወንድነትህ ደክሟል» ይለዋል እንጂ «የምትሠራበት ቤት መረዘህ» አይለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጅማ ከተማ ጥናት የጋራዥ ሠራተኞች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሌሎች ሰዎች ወደ እጥፍ የተጠጋ መሆኑን አሳይቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትንም በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያስገድዳል። ስንቱ ባለ ጋራዥ ነው ይህን የሚያደርገው? ሠራተኛው ገንዘቡን ለቅጠል ሻጭ ሲከፍል ባለቤቱ ከተጠያቂነት ነፃ ይወጣል።

«ሥራውን ተው» ማለት ቀላል ነው፤ እንጀራው ነውና አልልም። ለወዳጄ የነገርኩት ይህን ነው። ሐኪም ጋ ስትሄድ ሥራህን ቀድመህ ተናገር፤ የደም እርሳስ ምርመራም ጠይቅ። መጠኑ በጣም ከፍ ካለ እርሳሱን የሚያወጣ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ አትብላ፣ ሲጋራም አትያዝ። ቱታህን ለብሰህ ቤት አትግባ። ጭምብልና ጭስ ማስወጫ ከጓደኞችህ ጋር ሆነህ ጠይቅ፤ ልመና አይደለም፣ መብት ነው። አዲስ የዘር ህዋስ ለመመረት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከመርዙ የራቀ ሰው የመሻሻል ተስፋ አለው። ጥቁር አዝሙዱን ከወደድከው ዳቦህ ላይ ነስንሰው።

ሚስትህን ደግሞ ይቅርታ ጠይቃት። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልሠራችውን ተሸክማለች።

ጋራዥ፣ ባትሪ ቤት ወይም ቀለም ቤት የሚሠራ ወንድም ያላችሁ ይህን አድርሱለት።