የጂም ክኖፍ እርማት እና የጎልማሶች ለቅሶ

ቲነማን የተባለው የጀርመን አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2024 «ጂም ክኖፍ እና ባቡር ነጂው ሉካስ» የተሰኘውን የሚካኤል ኤንዴ መጽሐፍ አርሞ አወጣ። ጥቁሮችን የሚያዋርደው ቃል ተሰረዘ፤ የጥቁሩ ጀግና የጂም ሥዕልም ተስተካከለ። መጽሐፉን በልጅነታቸው ያነበቡ ብዙ ጎልማሶች ልጅነታቸው የተዘረፈ ያህል ጮኹ።

ከሙግታቸው እውነት የሆነውን አስቀድሞ መቀበል ይገባል። መጽሐፉ የዘረኛ ሥራ አይደለም። በ1929 የተወለደው ኤንዴ በናዚ ዘመን ነው ያደገው፤ ሠዓሊ አባቱም በናዚዎች ታግዷል። በ1960 በታተመው በዚህ መጽሐፍ የዘንዶዎች ከተማ በር ላይ ደሙ ያልጠራ ዘንዶ እንዳይገባ በሞት የሚያስፈራራ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። እናቱ ጉማሬ የሆነችው ኔፖሙክ በዚህ ሕግ የተገፋ ነው። ጂም ራሱ በሁለተኛው መጽሐፍ ከሰብአ ሰገል አንዱ የሆነው የካስፓር ዘር ሆኖ ይገኛል። ያንን ቃል የሚናገረውም ሁሉን አውቃለሁ ባዩ አቶ ኤርመል ስለሆነ፣ ደራሲው የተሳለቀው በእሱ ነው ይላሉ።

ይሁን። ግን ይህን ስላቅ የሚረዳው ማን ነው? ታሪክ የተማረ ጎልማሳ። በመዋዕለ ሕፃናቱ ብቸኛ ጥቁር የሆነ የአምስት ዓመት ልጅ የአቶ ኤርመልን ግብዝነት አይሰማም፤ ቃሉን ይሰማል፣ የጓደኞቹ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ሲዞርም ያያል። ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ወላጅ ቤቱ ሲያነብ ቃሉን ሊዘልለው ይችላል። ትምህርት ቤት ግን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በ2013 የኦትፍሪድ ፕሮይስለር «ትንሿ ጠንቋይ» ስትታረምም ተመሳሳይ ጠብ ነበር። አንድ ስመ ጥር ሃያሲ እርማቱን ለመቃወም ፊቱን ጥቁር ቀብቶ በቴሌቪዥን ቀረበ። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ደግሞ ቃሉ ምን ያህል እንደሚያማት ለዲ ጻይት ጋዜጣ ጻፈች። ከሁለቱ የሕፃናት መጽሐፍ ለማን እንደሚጻፍ የገባት ልጅቷ ናት።

ደግሞስ «አንድ ፊደል አይነካም» የሚለው ወግ ከየት መጣ? በጂም ክኖፍ የመጀመሪያ እትም ቻይና የነበረው አገር በኋለኞቹ እትሞች ማንዳላ ተብሏል። በዚያ ምክንያት የማንም ልጅነት አልጠፋም። የድሮዎቹ እትሞችም አልተቃጠሉም፤ ለመመራመር የሚፈልግ ጎልማሳ በቤተ መጻሕፍት ያገኛቸዋል።

መጽሐፉን የሚወድ ሰው ትዝታውን ሳይሆን ታሪኩን ይጠብቅ። በዘንዶዎች ከተማ በር ላይ በተሰቀለው ማስታወቂያ የሚያፍር መጽሐፍ፣ በራሱ ደጃፍ ጥቁሩን ልጅ የሚመልስ ቃል ሊሰቅል አይገባም።