«ጊዜያዊ» እስከ መቼ?

«ጊዜያዊ» የምትለዋን ቃል ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ራሱን ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት ብሎ ነበር። ስሙ የተለወጠው በ1980 ዓ.ም. ነው፤ ያኔም ቢሆን ሊቀመንበሩ ፕሬዚዳንት ተባሉ እንጂ ከወንበራቸው አልተነሡም።

ለዚህም ነው ጦር ከኋላው የቆመ የሽግግር መንግሥት በመጣ ቁጥር «ያራዝም ይሆን?» የምንለው። እኔ ግን ጥያቄው አልጣመኝም። ብዙውን ጊዜ ያራዝማል። መጠየቅ ያለብን «ለማራዘሙ የሚሰጠው ምክንያት ማለቂያ አለው ወይ?» ብለን ነው።

ማሊን እንይ (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ወታደሮቹ በኦገስት 2020 ፕሬዚዳንት ኬይታን ሲያወርዱ ሽግግሩ 18 ወር ነው ተባለ። በሜይ 2021 ኮሎኔል አሲሚ ጎይታ የሽግግሩን ፕሬዚዳንት አስወግደው ራሳቸው ቦታውን ያዙ። ለፌብሩዋሪ 2022 የተቀጠረው ምርጫ በጸጥታ ምክንያት ቀረ። እስከ አምስት ዓመት ይሰጠን ሲሉ ኢኮዋስ ማዕቀብ ጣለባቸው፤ ቀኑን ወደ ማርች 2024 ሲያሳጥሩ ማዕቀቡ ተነሣ። ከዚያስ? ምርጫው «በቴክኒክ ምክንያት» እንደገና ተገፋ። በሜይ 2025 ፓርቲዎች ፈረሱ፤ በጁላይ ደግሞ ለጎይታ ያለ ምርጫ የአምስት ዓመት ሥልጣን፣ ያውም የሚታደስ፣ ጸደቀላቸው።

የጸጥታው ችግር ሰበብ ብቻ ነው አልልም፤ በማሊ ጦርነት አለ። ግን «አሁን ሰላም ሆኗል» ብሎ የሚወስነው ማነው? ያው ወንበሩ ላይ ያለው ሰው አይደል!

ባንግላዴሽም አራዝማለች። በጃንዋሪ 2007 በጦሩ ድጋፍ የቆመው የፋክሩዲን አህመድ መንግሥት በሕገ መንግሥቱ መሠረት በ90 ቀን ምርጫ ማድረግ ነበረበት፤ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። ሁለቱን ትልልቅ የፓርቲ መሪዎች አሰረ፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁንም ለረጅም ጊዜ አላነሣም። ስለዚህ ደግ መንግሥት ነበር ለማለት አይደለም። ለመዘግየቱ የሰጠው ዋና ምክንያት ግን የመራጮች መዝገብ ነበር፤ መዝገብ ደግሞ ይቆጠራል። ምርጫ ኮሚሽኑ የጊዜ ሰሌዳ አወጣ፣ ከ80 ሚሊዮን በላይ መራጭ ከነፎቶው ተመዘገበ። መዝገቡ ሲያልቅ ሰበቡም አለቀ። በዲሴምበር 29 ቀን 2008 ምርጫ ተደረገ፤ በማግሥቱ ወር ሥልጣኑን ለአሸናፊዋ ሼክ ሃሲና አስረከቡ።

እንግዲህ ነገ ዜና የምንሠራው እኛ ነን። ባለሥልጣኑ «ሁኔታዎች ሲመቻቹ» ሲለን ጽፈን ከመሄድ፣ የትኞቹ ሁኔታዎች? ስንቱ ተሠራ? ስንት ቀረ? ማንስ ነው የሚያረጋግጠው? ማለት ምን ይከብዳል? ደግሞስ «የሽግግር መንግሥቱ» ብለን በጻፍን ቁጥር አጠገቡ «18 ወር ተብሎ ነበር» ብንጨምር የሚወስደው አራት ቃል ነው።